ምድጃ ከመታፈኑ አስቀድሞ

ከጎንደር ወደ መተማ ዮሐንስ በሚወርደው መንገድ ላይ ባለችው በኮኪትና በዙሪያዋ ባለው ቆላ፣ ጥቅምት ገብቶ ሰሊጥ ለአጨዳ በደረሰ ጊዜ፣ ከደጋ የወረደው የቀን ሠራተኛ በወባና በካላዛር እየተያዘ ወደ ጤና ጣቢያ ስለሚመጣ፣ መርፌውና ብልቃጡ፣ በደም የራሰውም ጥጥ በየቀኑ ይከማቻል። ይህ ሁሉ የሰው እጅና እግር ሳይወጋ የሚወገደው በጓሮ በቆመች የጡብ ማቃጠያ ነው፤ እኔም በአካባቢ ጤና ሙያ ብዙ ዘመኔን ያሳለፍሁት እርስዋን በመጠበቅ ነው።

ምድጃይቱ ሁለት ክፍል አላት። ቆሻሻው በመጀመሪያው ይነድዳል፤ ጢሱ በመካከለኛው ግድግዳ ቀዳዳ አልፎ በሁለተኛው ክፍል ዳግመኛ ከተቃጠለ በኋላ በጭስ ማውጫው ይወጣል። አስቀድማ በደረቅ እንጨት ሞቃ ግለቷ ከ800 ዲግሪ ካልዘለቀ ግን የጢሱ መርዝ በመንደሩ ላይ ይበተናል።

በአንድ ክረምት፣ በሠራሁበት በአንድ የቆላ ጤና ጣቢያ፣ ከመጫኛው በር ጠርዝ ቀጭን ጢስ ሲያፈተልክ አይቼ፣ ቆሻሻው ስለራሰ ነው ብዬ ተውሁት፤ እኩለ ቀን ያበቃ የነበረው ቃጠሎ እስከ ማታ ሲጎተት፣ ከአመዱም መካከል ያልነደደ ጥቁር ጥጥ ሲገኝ፣ እንጨቱን ነቀፍሁ፤ በመጨረሻም ነበልባሉ በበሩ ተመልሶ የሚያቃጥለውን ሠራተኛ ቅንድብ በለበለበ ጊዜ፣ ምድጃይቱን አቀዝቅዤ ብከፍት፣ የቀለጠ የብልቃጥ መስታወት ከአመድ ጋር ተጋግሮ የመካከለኛውን ቀዳዳ ደፍኖት አገኘሁ። ሕመሟን ከሳምንታት በፊት ጀምራ ታስታውቀኝ ነበርና የጥፋቱ ባለቤት እኔ ነበርሁ። የርጥበት ጢስ ነጭ ነው፤ እሳቱ ሲግል እየሳሳ ይጠፋል። የመደፈን ጢስ ግን እሳቱ በበረታ መጠን ይብሳል፤ መውጫውም ጭስ ማውጫው ሳይሆን በሩ ነው። ይህን አንዱን ልዩነት በወቅቱ ባስተውል ኖሮ የዚያ ሰው ፊት ባልተቃጠለ ነበር።

ማስተዋሉን እንኳ ከልጅነቴ መማር ይገባኝ ነበር። አገራችን የዕጣን ዛፍ አገር ናት፤ በዲቁና ሳገለግልም በጽናው ያለው ፍሕም ነጭ አመድ ለብሶ ውስጡ እስኪቀላ ድረስ ዕጣን እንደማይጨመርበት፣ ያለጊዜው ቢጨመር መዓዛው ቀርቶ ዓይን የሚያስለቅስ ጢስ እንደሚሆን ዐውቅ ነበር።

መደፈን በእኔ ምድጃ ብቻ የሚደርስ አይደለም። በአዲስ አበባ በቃሊቲ የፍሳሽ ማጣሪያ ዝቃጩ በመደብ ተሰጥቶ በፀሐይ ይደርቃል፤ በአውሮፓና በጃፓን ታላላቅ ከተሞች ግን፣ ከሥር በሚነፍስ አየር እንደ ፈላ ውኃ በሚናወጥ የጋለ አሸዋ ውስጥ፣ በ850 ዲግሪ ገደማ ያቃጥሉታል። በዝቃጩ ያለው ጨውና ፎስፎረስ ሲቀልጥ የአሸዋው ቅንጣት እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ ይህም የእኔን ብልቃጥ ይመስላል። ትጉህ መሐንዲስ አሸዋው እስኪረጋ አይጠብቅም፤ የአየሩ ግፊት ከልማዱ ሲለይ፣ በአንድ ወገን ያለው ግለት ከሌላው ሲለያይ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድም ሲጨምር ያን ጊዜውኑ ምክንያቱን ይመረምራል። እኔ መለኪያ መሣሪያ የለኝም።

ስለዚህ ቃጠሎው የተጀመረበትንና ያበቃበትን ሰዓት፣ የጢሱን ቀለምና የወጣበትን ቦታ፣ የአመዱንም መልክ በደብተር እጽፋለሁ፤ ሁለት ቀን ተከታትሎ ከልማዱ የዘገየ እንደሆነ፣ ቆሻሻው ቢበዛም እንኳ፣ ምድጃይቱ ቀዝቅዛ ቀዳዳዋ እስኪጠረግ ድረስ እሳት አይነካትም። በዚህ ቆላ ምድጃ የምትረከብ ወንድሜ ሆይ፣ የእኔን ደብተር ከቁልፉ ጋር ተቀበለኝ፤ የሚቀጥለውንም ገጽ ዛሬውኑ ጀምርልኝ።