ከድረ ገጽ ስለሚሳብ የሕዝብ ቁጥር
ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን ምሳሌ ያደረገ ሒስ

በተማሪዎች ዘንድ ለጥናት የሚሆን አኃዝ የሚሰበሰብበት መንገድ እጅግ ተለውጧል። ቀድሞ ተማሪው ቤተ መጻሕፍት ገብቶ የስታቲስቲክሱን ጥራዝ እየገለጠ በእርሳስ ይገለብጥ ነበር፤ ዛሬ ግን ጉግል ሺትስ በሚባለው የኢንተርኔት ሠንጠረዥ ላይ አንዲት ፎርሙላ ጽፎ ከድረ ገጽ ያለውን ቁጥር በሙሉ ባንድ ጊዜ ይስባል። በዚህች አጭር ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው ይህንኑ ልማድ ነው። ለምሳሌ የመረጥናቸውም አዲስ አበባን ከከበቡት ከተሞች ሦስቱን፣ ማለት በጅማ መንገድ ሰበታን፣ በአምቦ መንገድ ቡራዩን፣ በጎጃም መንገድ ሱሉልታን ነው። ስለ መሬት፣ ስለ ውሃ ወይም ስለ ትምህርት ቤት እጥረት በዚህ አካባቢ የሚጽፍ ተማሪ የእነዚህን ከተሞች የሕዝብ ቁጥር መጥቀሱ አይቀርምና፣ ቁጥሩ ከተሳሳተ መደምደሚያውም አብሮ ይሳሳታል።

አስቀድመን ለመሣሪያው የሚገባውን ምስጋና እንስጥ። ኢምፖርት ኤችቲኤምኤል የተባለው ፎርሙላ የሚጠይቀው ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ የገጹን አድራሻ፣ የሚፈለገው ሠንጠረዥ ወይም ዝርዝር መሆኑን፣ በገጹም ላይ ስንተኛው እንደ ሆነ። ኢምፖርት ኤክስኤምኤል ከገጹ አንዱን ክፍል ለይቶ ያወጣል፤ ኢምፖርት ዳታ ደግሞ በነጠላ ሰረዝ ተለይቶ የተጻፈውን ፋይል ያመጣል። 49 ሊጽፍ ፈልጎ 94 የሚጽፍ የደከመ እጅ እዚህ የለም፤ ብዙ ሰዓት ይፈጅ የነበረው ሥራም በቅጽበት ያልቃል። መሣሪያው የማይችለውን ሲጠየቅም አይዋሽም። የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ የቆጠራ ውጤቶች በአብዛኛው በፒዲኤፍ ስለ ወጡ ፎርሙላው ሊያነባቸው አይችልም፤ ቁጥራቸውን በጃቫስክሪፕት ከሚሞሉ ገጾችም ባዶ እጁን ይመለሳል። ይህ ዓይነቱ ጕድለት ለዓይን የሚታይ ስለ ሆነ ጕዳቱ ጥቂት ነው። እኛን ያሳሰበን ሴሉ በቁጥር ተሞልቶ፣ ምንም የስሕተት ምልክት ሳይታይ የሚያልፈው ነው።

ተማሪው ፒዲኤፉ እንቢ ሲለው ወደ ዊኪፔዲያና ይህን ወደ መሰሉ፣ የከተሞችን ሕዝብ በሠንጠረዥ ወደሚያቀርቡ ገጾች ይሄዳል። ፎርሙላው ከዚያ የሚያመጣለት በሠንጠረዡ ቅጥር ውስጥ ያለውን ብቻ ነው፤ ከበላይ የተጻፈው ማብራሪያና ከበታች ያለው የግርጌ ማስታወሻ እዚያው ይቀራሉ። የመጀመሪያውና ከሁሉ የከፋው ጕድለት ከዚህ ይነሣል። ሱሉልታ የከተማም የወረዳም ስም ሆኖ ኖሯል። ሰበታ የምትባል ከተማ ሳለች ሰበታ ሐዋስ የሚባል ወረዳም አለ። ከዚህም በላይ የአስተዳደሩ ወሰን ራሱ ተንቀሳቅሷል፤ በ2000 ዓ.ም. ግድም በፊንፊኔ ዙሪያ የኦሮሚያ ልዩ ዞን ተቋቋመ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ሸገር ከተማ ሲመሠረት ሦስቱም ከሌሎች የዙሪያው ከተሞች ጋር ተጠቃለው ስማቸው የክፍለ ከተማ ስም ሆነ። እንግዲህ በአንድ ረድፍ «ሱሉልታ» ተብሎ በተጻፈው ስም ፊት ያሉት ቁጥሮች ስለ አንድ ቦታ የሚናገሩ ስለ መሆናቸው ማረጋገጫው የት አለ? ወሰኑ የሰፋበትን ከተማ ሕዝቡ እንደ ተባዛ አድርጎ መጻፍ፣ ያጥሩን መስፋት እንደ ከብቱ መርባት መቍጠር ነው።

ሁለተኛው ጕድለት ቆጠራና ግምትን ማደባለቅ ነው። አገራችን የሕዝብ ቆጠራ ያደረገችው በ1976፣ በ1987ና በ1999 ዓ.ም. ሲሆን፣ አራተኛው በተደጋጋሚ ተላልፏል። ስለዚህ ከ1999 ወዲህ ያለው ቁጥር ሁሉ የተሰላ ትንበያ ነው። በሠንጠረዡ ውስጥ ግን ቤት ለቤት የተቈጠረውና በወረቀት ላይ የተገመተው ጐን ለጐን፣ በአንድ ዓይነት ፊደል ይቀመጣሉ። ከአዲስ አበባ የቤት ኪራይ የሸሸው ቤተሰብ ወደ ቡራዩና ወደ ሰበታ ሲጐርፍ ትንበያው ከእውነቱ ምን ያህል እንደሚርቅ አንባቢው ያስበው።

ሦስተኛው የዘመን አቈጣጠር ነው። የውጭ አገር ገጽ ሁለተኛውን ቆጠራ በ1994 ያስቀምጠዋል፤ የአገር ውስጥ ገጽ ሦስተኛውን በ1999 ያስቀምጠዋል። ሁለቱን ዓምዶች ጐን ለጐን የሳበ ተማሪ በመካከላቸው 5 ዓመት ያገኛል፤ እውነተኛው ግን ከ12 ዓመት ተኩል ያልፋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሕዝቡ እጥፍ የሆነ ከተማ ቢኖር፣ እድገቱ በዓመት ከመቶ 6 የማይሞላ ሆኖ ሳለ በተሳሳተው ስሌት ከመቶ 15 ገደማ ይሆናል። ቀኖቹም እንዲሁ ናቸው። ጥቅምት 30 ቀን በአኃዝ 30/2 ተብሎ ሲጻፍ፣ መሣሪያው ፌብሩዋሪ 30 ቀን እንደሌለው ስለሚያውቅ እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል፤ ጥቅምት 20ን ግን ያለ ምንም ማመንታት ፌብሩዋሪ 20 ያደርገዋል።

አራተኛው የስም አጻጻፍ ነው። «ሰበታ» እና «ሠበታ» ለእኛ አንድ ናቸው፤ ለመሣሪያው ግን ሁለት ልዩ ልዩ ቃላት ናቸው። በቁቤ ድርብ ፊደል የተጻፈውና በእንግሊዝኛ ልማድ የተጻፈውም እንዲሁ አይገናኙም። ሁለት ሠንጠረዦች በስም ሲዛመዱ አንዱ ከተማ ከድምሩ ይወድቃል፤ ድምሩም ሳያፍር ይቆማል።

በመጨረሻም ገጹ ራሱ አይረጋም። ሠንጠረዡ ተከፍቶ ሳለ ፎርሙላው በየሰዓቱ ገጹን እንደ ገና ይጠይቃል። በገጹ ላይ ከበላይ አንድ አዲስ ሠንጠረዥ ቢጨመር፣ ትናንት 2ኛ የነበረው ዛሬ 3ኛ ይሆናልና ሌላ ነገር ይመጣል። ተማሪው የጻፈበት ቁጥርና መምህሩ ሲያርም የሚያየው ቁጥር ሊለያዩ ይችላሉ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ በእጅ የሚገለብጠውንም ያገኘዋል የሚል ተከራካሪ ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ የወሰኑም የዘመኑም ችግር ከመሣሪያው በፊት ነበረ። ልዩነቱ ግን በእጁ የሚገለብጥ ሰው ገጹን ማንበብ ግድ ስለሚሆንበት ዓይኑ በግርጌው ማስታወሻ ላይ ሊያርፍ መቻሉ ነው። ፎርሙላው ድካሙን ሲያስቀር ንባቡንም አብሮ አስቀረው።

ስለዚህ የሚከተለውን እናሳስባለን። የተሳበው ቁጥር ወዲያው ዋጋው ብቻ ተገልብጦ በሌላ ገጽ ላይ ይርጋ፤ የተወሰደበት ቀንና የገጹ አድራሻ ይጻፍበት። ከእያንዳንዱ ቁጥር ጐን ሦስት ዓምድ ይጨመር፤ ቆጠራ ነው ወይስ ትንበያ፣ ከተማ ነው ወይስ ወረዳ ወይስ ክፍለ ከተማ፣ ዘመኑስ በማን አቈጣጠር ነው? የከተሞቹም ስም በአንድ አጻጻፍ ይስተካከል። የጥናቱ መደምደሚያ የቆመባቸው ጥቂት ቁጥሮች ደግሞ ከመጀመሪያው የስታቲስቲክስ ጥራዝ ጋር በዓይን ይመሳከሩ። ለሦስት ከተሞች ይህ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። መምህራኖቻችንም ጽሑፋችንን ሲያርሙ እነዚህን ዓምዶች ቢጠይቁን፣ ፎርሙላው ያቀለለልንን ሥራ ለንባብ እናውለዋለን።