ጠላት የምንለው ሰው ቤት



አንድ ቀን ከቁርዓን ትምህርት በኋላ አንድ የአሥር ዓመት ደረሳ ጫማውን እያጠለቀ «ኡስታዝ፤ ክፉዎቹም እናት አላቸው እንዴ?» ሲል ጠየቀኝ። «የትኞቹ ክፉዎች?» ብለው በቴሌቪዥን ስላየው የካርቱን ፊልም አወጋኝ። በክፉዎቹ ወገን ያለ አንድ ልጅ ከእናቱ ጋር በቤቱ ተቀምጦ ማየቱ አስገርሞታል። ያላየሁትን ነገር መንቀፍም ማመስገንም ስለማይገባኝ፣ ክፍሉን ፈልጌ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተመለከትሁት። ያየሁትን ከናንተ ጋር ልወያይበት ፈለግሁ።

ፊልሙ «ስታር ዋርስ፡ ዘ ክሎን ዋርስ» የሚባል የአሜሪካ ተከታታይ ሲሆን፣ የታሪኩ ደራሲ ጆርጅ ሉካስ ነው። በቴሌቪዥን መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2008 ነበር። ልጁ ያየው ክፍል የሦስተኛው ዙር አሥረኛ ክፍል ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. ኅዳር ወር 2010 ሲሆን ርእሱም «በሁለቱም ወገን ጀግኖች» የሚል ነው።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ሪፐብሊክ የሚባለው መንግሥትና ከርሱ የተገነጠሉት ወገኖች ጦርነት ላይ ናቸው። የሪፐብሊኩ ሸንጎ ተጨማሪ ጦር ለማሠራት ብድር እንዲገኝ በባንኮች ላይ ያለውን ቁጥጥር ሊያነሳ ይከራከራል። ፓድሜ የምትባል የሸንጎ አባል ይህን ትቃወማለች። ሚና ቦንቴሪ የምትባል የቀድሞ ወዳጇና መካሪዋ ዛሬ በተገንጣዮቹ ምክር ቤት ተቀምጣለች። ከጠላት ጋር መነጋገር በሕግ የተከለከለ ቢሆንም፣ ፓድሜ አሶካ የተባለችውን ወጣት ተዋጊ አስከትላ በድብቅ ወደ ሚና ቤት ትሄዳለች። ሁለቱ ወዳጆች ተቃቅፈው ይገናኛሉ፤ የሰላም ሐሳብም ይወጥናሉ። ሚና ሐሳቡን ለምክር ቤቷ አቅርባ ታስጸድቃለች። ይሁን እንጂ የተገንጣዮቹ መሪ ዱኩ የጽዳት ሠራተኛ የመሰሉ ሮቦቶችን በስውር ልኮ የሪፐብሊኩን ዋና ከተማ የኃይል ማመንጫ ያስፈነዳል። ከተማው ይጨልማል፤ ሸንጎው ይደነግጣል፤ ሰላሙ ቀርቶ የባንኮቹ ሕግ ያልፋል።

እስቲ በመጀመሪያ መልካሙን እንመልከት። በዚህ ተከታታይ ፊልም ከዚያ በፊት በነበሩት ክፍሎች በጠላት ወገን የሚወድቀው አብዛኛው ሮቦት ነው። ሮቦት ሲቆረጥ ደም አይፈሰውም፤ የሚያለቅስለትም የለም። ስለዚህ ልጆች እየሳቁ ያያሉ። በዚህ ክፍል ግን የሚና ልጅ ሉክስ አሶካን ከሮቦቶቹ ሌላ ስንት የተገንጣይ ወገን ሰው እንደምታውቅ ሲጠይቃት መልስ ታጣለች። አባቱ በዚሁ ጦርነት በሪፐብሊኩ ወታደሮች የተገደለ መሆኑንም ትሰማለች። ስታሸንፍ የኖረችው ልጅ በአንድ የሐዘን ቤት ውስጥ እንግዳ ሆና እንደተቀመጠች ይገባታል። የክፍሉ ትልቁ ነገር ይህ ነው። ደረሳዬን ያስጠየቀውም ይኸው ይመስለኛል።

ሁለተኛው መልካም ነገር የሐሜትንና የድንጋጤን ጉዳት ማሳየቱ ነው። ፍንዳታው ሲሰማ ማን እንዳደረገው፣ ለምን እንዳደረገው ለማጣራት የሚታገሥ ሰው ይጠፋል። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ሑጁራት 6ኛ አንቀጽ፣ ወሬ ሲመጣ ሳናጣራ በሰዎች ላይ ጉዳት አድርሰን በኋላ እንዳንጸጸት አስጠንቅቆናል። ሸንጎው ለአንድ ሌሊት ቢታገሥ ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ወላጆች ሆይ! ይህን ጥያቄ ለልጆቻችሁ አቅርቡላቸው።

ሦስተኛው የአራጣ ነገር ነው። ጦርነቱ የሚቀጥለው በባንክ ብድር መሆኑን፣ አበዳሪዎቹም ከሁለቱም ወገን እንደሚጠቀሙ ፊልሙ በግልጽ ያሳያል። ቀጥሎ በሚመጣው ክፍል ደግሞ የፓድሜ አገልጋይ ገንዘቡ ለጦር በመዋሉ ምክንያት በሠፈሯ መብራትና ውኃ እንደጠፋ ትናገራለች። የጦርነት ዕዳ የሚከፈለው በድሃ ቤት መሆኑን ለልጅ በዚህ መልክ ማስረዳት ቀላል አይደለም።

የፊልሙ ተዋጊዎች «ኃይል» እያሉ የሚመኩበት እምነት ከተውሒድ ጋር እንደማይስማማ ለልጆች መንገር የወላጅ ግዴታ ነው። ነገር ግን የክፍሉ ዋና ጉድለት ሌላ ቦታ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጉድለቱ ይህ ነው፤ ደራሲዎቹ ለሁለቱ ወዳጆች ቀላሉን መንገድ ሰጧቸው። ፓድሜና ሚና ለምን እንደተለያዩ ተመልካቹ በቅጡ አይረዳም። ተገንጣዮቹ የተገነጠሉበት በደል ምን እንደሆነ አይነገርም። የሚና ባል መሞቱ ይነገራል፤ ስለርሱ ደም የሚጠየቅ ግን የለም። ከዚያ ይልቅ ጥፋቱ ሁሉ በስውር በሚያሴሩ ሁለት ሰዎች ላይ ይጣላል። ዱኩ አንዱ ነው፤ ሌላው የርሱ ጌታ የሆነው፣ በሪፐብሊኩ በኩል መሪ ሆኖ የተቀመጠው ሰው ነው። እነርሱ ባይኖሩ ሁሉም ንጹሕ ነበር ማለት ነው። ወዳጅ ለወዳጁ «ወገንህ በድሏል፤ አንተም አብረህ ነህ» የሚልበት ከባዱ ሰዓት በፊልሙ ውስጥ የለም።

የኛ ታሪክ ግን ይህን ሰዓት ያውቃል። በ36ኛው ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 656) በበስራ አጠገብ የጀመል ዕለት የተሰለፉት ባዕዶች አልነበሩም። በአንዱ በኩል ሰይዲና ዐሊ (ረ.ዐ.)፣ በሌላው በኩል ጦልሐና ዙበይር (ረ.ዐ.) ነበሩ፤ ሦስቱም ጀነት ከተበሠረላቸው አሥሩ ውስጥ ናቸው። ዙበይር ለዐሊ የአክስት ልጅ፣ የልጅነት ወዳጅም ናቸው። በሰሐባዎች መካከል ስለተፈጠረው ነገር ምላሳችንን መሰብሰብ የደጋግ ዑለማዎች ትምህርት ነውና ማንንም ለመውቀስ አላነሳሁትም። የማነሳው ለአደባቸው ነው። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደዘገቡት እርቁ ሊሰምር በተቃረበበት ሌሊት ሰላሙን የሚፈሩ ሰዎች በድብቅ ውጊያውን ለኮሱት። እስከዚህ ድረስ ፊልሙና ታሪኩ ይመሳሰላሉ።

ከዚህ በኋላ ግን ይለያያሉ። ዐሊ (ረ.ዐ.) ወዳጃቸውን በሁለቱ ሰልፍ መካከል አስጠርተው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ተናግረውት የነበረውን ነገር አስታወሷቸው። ዙበይርም ጥፋቱ የስውር ሰዎች ነው ብለው አላመካኙም። አስታወሱ፤ ፈረሳቸውን አዙረው ሜዳውን ለቀቁ። መንገድ ላይ የገደላቸው ሰው ሽልማት ፈልጎ ሰይፋቸውን ይዞ ወደ ዐሊ ቢመጣ፣ ያገኘው የእሳት ብሥራት ነበር። ዐሊ በወዳጃቸው ሰይፍ አዘኑ፤ ከጦልሐ ፊት ላይ አቧራ ጠረጉ፤ እናታችን ዓኢሻን (ረ.ዐ.) በክብር ወደ መዲና ሸኙ። ጦርነት ወዳጅነትን ሲፈትን የአማኝ አኳኋን ይህ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በዳይ ወንድማችንን የምንረዳው ከበደሉ በመከልከል መሆኑን አስተምረውናል። ይህ ደግሞ ከመተቃቀፍ ይልቅ ከባድ ነው።

ውድ አንባብያን! ይህ የሩቅ ነገር አይምሰላችሁ። በሀገራችን ሰሜን ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ጊዜ ሠርግና ለቅሶ የተካፈሉ ጎረቤታሞች ሰላም ለመባባል የተፈራሩበትን ቀን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። በየቤታችን ልጆች ይሰሙ ነበር። «እነርሱ» ስንል የሰሙት ቃል ዛሬም በጆሯቸው ውስጥ አለ። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ማኢዳ 8ኛ አንቀጽ ሕዝብን መጥላታችን ፍትሕን ወደ ማጓደል እንዳይገፋፋን ያዘዘው እንዲህ ላለው ቀን ነው።

ታዲያ ይህን ክፍል ልጆች ይዩት ወይ? ወላጅ አብሯቸው ከተቀመጠ አዎን እላለሁ። ብቻቸውን ከሆነ ግን ወዳጅነት ማለት መተቃቀፍና ጥፋትን በሌላ ሰው ላይ መጣል ብቻ መስሎ ይቀርባቸዋል። ሚና በቀጣዩ ክፍል ትገደላለች፤ ልጇ ሉክስም እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣ ክፍል በቀል ፍለጋ ከመጥፎ ሰዎች ጋር ገጥሞ ይገኛል። እውነቱን ያልተነገረ ልጅ መጨረሻው ወዴት እንደሚያመራ ፊልሙ ራሱ መስክሯል።

ለደረሳዬ «አዎን ልጄ፤ እናት አላቸው። ለዚህ ነው እንደ ሮቦት ቆጥረን ልንበድላቸው የማይገባን። ሲበድሉ ግን ዝም አንልም፤ እኛም ስንበድል ዝም እንዲሉን አንፈልግም» ብዬ መለስሁለት። ጥቂት አሰበና «እኛስ ስንበድል ማን ይነግረናል?» አለኝ። «ወዳጅ» አልሁት።

አላህ (ሱ.ወ.) እንዲህ ያለ ወዳጅ ይስጠን፤ እኛንም እንዲህ ያለ ወዳጅ ያድርገን። ወሰላሙ ዐለይኩም።