ሰንበት ስትማልድ፦ «ትእዛዘ ሰንበት»ን ማንበብ

በስብከታችን የአይሁድ ሃይማኖት ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የጸጋ ተቃራኒ ሆኖ ነው፤ ደረቅ ሕግ፣ ምሕረት የሌለው ሸክም ተብሎ። ዮሴፍ ሃሌቪ በ1902 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የቤተ እስራኤል የግእዝ መጽሐፍ «ትእዛዘ ሰንበት» ግን ይህን ሥዕል ይፈትነዋል።

መጽሐፉ ሰንበትን ስለ መጠበቅ በጥብቅ ያስተምራል። ሆኖም በውስጡ ሰንበት ደንብ ብቻ አይደለችም፤ በእግዚአብሔር ፊት ቆማ ለኃጢአተኞች የምትማልድ ሴት ናት። ትእዛዙ ራሱ አማላጅ ሆኗል።

ይህ ሚሽናና ታልሙድ ሳይደርሱት፣ በግእዝ ኦሪትና በቄሶቹ ትምህርት የኖረ ሕዝብ ድምፅ ነው። ከማስተስረያ ቀን በኋላ በ50ኛው ቀን በሚውለው ሲግድ፣ ጾሞ ወደ ተራራ እየወጣ ኦሪትን ሲሰማና ምሕረትን ሲለምን ኖሯል። በወንጌላት የምናገኛቸውን ፈሪሳውያን ብቻ መለኪያ አድርገን ልንዳኘው አንችልም።

የመጽሐፉ ድካም ግን እዚያው ብርታቱ ባለበት ነው። ሰንበት ትማልዳለች፤ ነገር ግን የምትማልድለትን ሰው ዕዳ አትከፍልም። ሐዋርያው በ1ኛ ዮሐንስ 2፥1-2 የሚያመለክተን ጠበቃ ራሱ ማስተስረያ ነው። ቀን ቅዱስ ሊሆን ይችላል፤ ስለ ኃጢአተኛ ግን አይሞትም።

እንግዲህ ከቤተ እስራኤል የሚለየን «እኛ ምሕረትን እናውቃለን፣ እነርሱ አያውቁም» የሚል አይደለም። ምሕረቱ በማን በኩል ይመጣል የሚለው ነው። ይህን ልዩነት ሳንሸፋፍን እንስበክ፤ በቅድሚያ ግን እናዳምጣቸው። በባልንጀራ ላይ በሐሰት አለመመስከር መድረክ ላይ ለቆመ ሰባኪም የተሰጠ ትእዛዝ ነው።