ስለ በደል ስም መለወጥ

በካሊፎርኒያ የሚኖር አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ጠጥቶ መኪና ሲነዳ ተይዞ ተከሰሰ። በስልክም፣ «ጋሼ፣ ጠበቃዬ ለዐቃቤ ሕጉ የሚያቀርበው የመልካም ጠባይ ምስክርነት ይጻፉልኝ፤ መጠጥ የማልቀምስ መሆኔንም ያክሉበት» አለኝ። ምስክርነቱን ጻፍሁለት፤ መጠጥ አይቀምስም የሚለውን ግን ተውሁት። በዚህ ተቀየመኝ። ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ ግን ደወለና፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ የስካሩ ክስ ቀርቶ በግዴለሽነት መንዳት ብቻ ሆነ» ብሎ አበሠረኝ።

በመጀመሪያ ሕጉን እንዳልበድለው ልጠንቀቅ። በእኛ ዘንድ ክስ ተቀነሰ ሲባል ብዙው ሰው ቶሎ የሚያስበው አማላጅን ወይም ጉቦን ነው። የካሊፎርኒያው ግን በግልጽ ችሎት የሚፈጸም፣ በሕግ የተጻፈ ነገር ነው። በደሙ ውስጥ ከመቶ 0.08 ወይም ከዚያ በላይ አልኮል ይዞ የሚነዳ ሰው በመንገድ ሕጉ ቁጥር 23152 ይከሰሳል። ልኬቱ ከዚህ ብዙ ያልራቀ፣ ማስረጃውም የሚያጠራጥር እንደ ሆነ፣ ዐቃቤ ሕጉ በሙግት ተረትቶ ሁሉንም ከሚያጣ፣ ተከሳሹ በቁጥር 23103፣ ማለት በግዴለሽ አነዳድ፣ እንዲፈረድበት ሊስማማ ይችላል። ለመጀመሪያ ጥፋት የእስራቱ ጣሪያ ከ6 ወር ወደ 90 ቀን ይወርዳል፤ ተጨማሪው ክፍያ ሳይቈጠር ዝቅተኛው መቀጮም ከ390 ዶላር ወደ 145 ዶላር።

ነገር ግን ሕግ አውጪዎቹ አንድ ብልኀት አኑረዋል። በቁጥር 23103.5 መሠረት ዐቃቤ ሕጉ በነገሩ ውስጥ መጠጥ መኖር አለመኖሩን በችሎቱ መዝገብ ማስመዝገብ አለበት። መጠጥ ነበረ ከተባለ፣ ሰውየው በ10 ዓመት ውስጥ ዳግመኛ ጠጥቶ ሲነዳ ቢፈረድበት፣ የፊተኛው እንደ ስካር ጥፋት ተቈጥሮ ቅጣቱ ይከብድበታል። ጠበቆች ይህንን «እርጥቡ ግዴለሽነት» ይሉታል፤ መጠጥ ያልተጠቀሰበት ደግሞ «ደረቁ» ነው። መቼም ጠበቃ ቀልድ አያጣም።

መዝገቡ የማይረሳበት ምክንያት አለው። በ1980 ካንዲስ ላይትነር የተባለች እናት በዚያው በካሊፎርኒያ፣ በፌር ኦክስ፣ የ13 ዓመት ልጇን የገደለባት ሰካራም ነጂ ነበር፤ ሰውየው ከጥቂት ቀን በፊት በዚሁ ጥፋት ተይዞ በዋስ የተለቀቀ ነበር። እርስዋም በዚያው ዓመት በሰካራም ነጂዎች ላይ የሚሟገተውን የእናቶች ማኅበር አቋቋመች።

እንግዲህ ሕጉ ቅጣቱን ቢያቀልም ነገሩን አልዘነጋም። የዘነጋው የኔ ተማሪ ነው። በሚሲዮን ትምህርት ቤት፣ በደል በስሙ ካልተጠራ ኑዛዜ አይባልም እየተባልን አድገናል፤ እኔም እርሱን ይህንኑ አስተምሬው ነበር። ስለዚህ፣

«እርጥቡ ነው ወይስ ደረቁ?» አልሁት።

«እርጥቡ ነው። ግን ጋሼ፣ ማን ያየዋል?»

«ባለቤትህስ ምን አለች?»

ዝም አለ። ለካ እስከዚያ ቀን ድረስ ለፍጥነት ተቀጣሁ ብሏት ኖሯል። «አሁን ግን ስሙ ስለ ተለወጠ ልነግራት እችላለሁ» አለኝ፤ በድምፁም ውስጥ አንዳች እፍረት አልሰማሁም።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ተቈጥቼ፣ የጻፍሁለትን ምስክርነት ቅጂ ከመሳቢያዬ አውጥቼ አነበብሁት። «በደረሰበት ድንገተኛ ስሕተት» ይላል። ከላይ እስከ ታች ፈለግሁ፤ ስካር የሚል ቃል አንድ ስንኳ አልጻፍሁበትም።