የማዳጋስካር የመጨረሻዋ ንግሥት

ንግሥት ራናቫሎና 3ኛ የማዳጋስካርን ዘውድ የደፉት እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 22 ቀን 1883፣ ልክ 22 ዓመት በሞላቸው ዕለት ነው። የመንግሥቱ ልጓም ግን በጠቅላይ ሚኒስትሩ በራይኒላያሪቮኒ እጅ ነበር፤ በዕድሜ አባታቸው የሚሆኑትን እኒህን ሰው ማግባትም ነበረባቸው። ብዙዎች እዚህ ላይ ቆመው «የስም ንግሥት» ብለው ያልፏቸዋል። እኔ በዚህ አልስማማም።

በ1886 ለአሜሪካው ፕሬዚዳንት ግሮቨር ክሊቭላንድ የላኩትን ስጦታ እንመልከት፤ ከስጦታዎቹ መካከል የሐር ላምባ ይገኝበታል። ላምባ ማላጋሲዎች፣ ማለትም የማዳጋስካር ሰዎች፣ በትከሻቸው ላይ ጣል የሚያደርጉት፣ ከእኛ ኩታ ጋር የሚቀራረብ ልብስ ነው። የዚህኛው ጥለት ጨርቁ ካለቀ በኋላ የተጠለፈ አይደለም፤ ሸማኔዋ ተጨማሪ ማግ እያስገባች ከጨርቁ ጋር አብራ የሠራችው ነው። ፈረንሳይ ደሴቲቱን ለመዋጥ ባሰፈሰፈችበት ወቅት ወጣቷ ንግሥት በአገራቸው ሴቶች እጅ ሥራ ወዳጅ መንግሥት ይፈልጉ ነበር። ይህ የስም ንግሥት ሥራ አይደለም።

እርዳታው አልመጣም። በሴፕቴምበር 30 ቀን 1895 የፈረንሳይ መድፍ ቤተ መንግሥቱን ሲደበድብ ነጭ ባንዲራ እንዲሰቀል አዘዙ። በ1897 ፈረንሳዮች ከዙፋናቸው አውርደው ወደ ሬዩኒዮን ደሴት፣ ቆይተውም ወደ አልጀርስ አጋዟቸው። አገራቸው እንዲመለሱ ደጋግመው ቢጠይቁም ተከለከሉ። በ1917 እዚያው በስደት አረፉ፤ አፅማቸው የአገራቸው ዋና ከተማ አንታናናሪቮ የገባው በ1938 ነው።