አባት የሚወደው ታሪክ፦ ከሮድ ሉሪ ፊልም እስከ አሕመድ ሳላሕ ሩጫ

ሮድ ሉሪ እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣው «ሪዘሬክቲንግ ዘ ቻምፕ» የተባለ ፊልም መነሻው ጄ. አር. ሞሪንገር በ1997 በሎስ አንጀለስ ታይምስ መጽሔት ያሳተመው ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ ጎዳና ላይ የሚኖርና «የጥንቱ ቦክሰኛ ቦብ ሳተርፊልድ ነኝ» የሚል ሽማግሌን ይከተላል። ሞሪንገር ሲያጣራ እውነተኛው ሳተርፊልድ በ1977 መሞቱን፣ ሽማግሌውም ቶሚ ሃሪሰን የሚባል ሌላ ቦክሰኛ መሆኑን ደረሰበት፤ የደረሰበትም ከማሳተሙ በፊት ነው። ፊልሙ ግን ቅደም ተከተሉን ገለበጠው። ጆሽ ሃርትኔት የሚጫወተው ጋዜጠኛ ኤሪክ መጀመሪያ ያትማል፣ ይወደሳል፣ ከዚያ በኋላ ይጋለጣል።

ይህ ለውጥ ታሪኩን ለማጋጋል ብቻ የገባ አይመስለኝም። ኤሪክ ከዝነኛ ስፖርተኞች ጋር ወዳጅ እንደሆነ ለትንሽ ልጁ እየዋሸ የኖረ አባት ነው፤ እሱም ራሱ በራዲዮ ቦክስ ያስተላልፍ የነበረ ሰው ልጅ ነው። ማጣራት ሲገባው ያላጣራው ሰንፎ አይደለም፤ ታሪኩ እውነት እንዲሆንለት ስለጓጓ ነው። ውሸቱ ዝግጅት ክፍል የደረሰው ከቤት ተነስቶ መሆኑን ማሳየቱ የፊልሙ ትልቁ ብርታት ነው። የሚደክመው ወደ መጨረሻው ነው። አባትና ልጅ ሲታረቁ ስማቸው የተወሰደባቸው የሳተርፊልድ ቤተሰቦች በደል ወደ ኋላ ይቀራል።

ይህን ፊልም ጅቡቲ ከተማ ተቀምጦ ለሚያይ ሰው ጅቡቲያዊው የማራቶን ሯጭ አሕመድ ሳላሕ ትዝ ማለቱ አይቀርም። በ1988 ሴኡል ላይ በማራቶን ያገኘው ነሐስ እስከ ፓሪስ 2024 ድረስ የአገሩ ብቸኛ የኦሎምፒክ ሜዳሊያ ነው። እኔን የሚያስቆጨኝ ግን በዚያው ዓመት ኤፕሪል ወር ሮተርዳም ላይ የሆነው ነው። የእኛው በላይነህ ዴንሳሞ በ2፡06፡50 ገብቶ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ሳላሕ በ2፡07፡07 ተከተለው። የቀድሞው ክብረ ወሰን ካርሎስ ሎፔዝ በ1985 እዚያው ከተማ ያስመዘገበው 2፡07፡12 ነበር። ለአሥር ዓመት ጸንቶ የቆየውን የበላይነህን ሰዓት እያነሳን ስንኮራ፣ ሳላሕ «ሁለተኛ የወጣው» ከመባል አያልፍም። ሴኡልን የሚያወሳ ጅቡቲያዊም ኢትዮጵያ ያን ኦሎምፒክ አድማ መትታ በመቅረቷ በላይነህ እንዳልተሰለፈ ሊዘነጋ ይችላል። ሁለቱም ወገን የዋሸ የለም፤ ሁለቱም ለልጆቹ ደስ የሚላቸውን ያህል ብቻ ነግሯል። ኤሪክም የጀመረው እንዲህ ነው።

የፊልም ዳይሬክተሯ ሉላ ዓሊ ኢስማዒል «ዳሊንያሮ» በተባለው ፊልሟ ጅቡቲ ከተማን በሦስት ተማሪ ልጃገረዶች ሕይወት በኩል አሳይታናለች፤ ከተማዋ የራሷን ታሪክ ከውስጥ መቅረጽ እንደምትችል ለዚህ ሌላ ማስረጃ አልፈልግም። የሳላሕ ፊልም ሲሠራ ዋናው ገጸ ባሕርይ ሯጩ ባይሆን እመርጣለሁ። አባቱ ስለ ሴኡል እየተረከለት ያደገ ወጣት የስፖርት ጋዜጠኛ ይሁን፤ ታሪኩን ለማተም ሲነሳ የሮተርዳምን ውጤት ፈልጎ ያግኝ። ሰዓቶቹን ጎን ለጎን ሲያስቀምጣቸው አባቱን የሚያሳፍር ነገር አያገኝም፤ በዚያ ቀን የሎፔዝን ሰዓት ያሻሻሉት ሁለት ነበሩና።