ሙዝ የጨረራ ሚዛን ሊሆን ይችላልን?

«ሙዝም ጨረራ አለውና አትፍሩ» የሚለው አባባል ስለ ምግብ የተፈጥሮ ጨረራ በተነሣ ቍጥር ይደጋገማል። ቃሉ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ሚዛን ለመሆን አይበቃም። ይህንንም ለማስረዳት አንባቢን ወደ ቀይ አፈር የሐሙስ ገበያ እንወስዳለን።

ማሽላው፥ በቆሎው፥ ሙዙ፥ ከቡና ገለባ የሚፈላው ሸፈሮም ሳይቀር ፖታሲየም አላቸው። ከተፈጥሮ ፖታሲየምም 0.0117 በመቶ ያህሉ ፖታሲየም 40 የሚባለው ጨረራ አመንጪ ነው። ስለዚህ በአንድ ግራም ፖታሲየም ውስጥ በየሴኮንዱ 31 ያህል አተሞች ይፈርሳሉ፤ ይኸውም 31 ቤከረል ይባላል። አንድ ሙዝ ግማሽ ግራም የማይሞላ ፖታሲየም ሲይዝ፥ በአንድ ጎልማሳ ሰውነት ውስጥ ግን 140 ግራም ያህል ይገኛል። እንግዲህ ገዢው ከሚገዛት ሙዝ ይልቅ ራሱ ብዙ ጨረራ ያመነጫል ማለት ነው።

የአባባሉ ስሕተት የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ሰውነት ፖታሲየምን በልክ ይይዛል፤ ትርፉን ኩላሊት በሽንት ያስወጣዋል። ዐሥር ሙዝ የበላ ሰው በውስጡ ያለው ጨረራ ዐሥር እጥፍ አይሆንም። ራዲየም 226 ግን በአጥንት ውስጥ ይቀመጣል። ፖሎኒየም 210 ደግሞ በምግብ ሲገባ፥ ቤከረል ለቤከረል ሲነጻጸር፥ ለጎልማሳ የሚሰጠው የጨረራ መጠን ከፖታሲየም 40 ወደ 190 እጥፍ ይደርሳል። ይህን ሁሉ በሙዝ ቍጥር መመንዘር ጨርቅን በቁና፥ እህልን በክንድ እንደ መስፈር ነው።

በሌላ ወገን ያለ ልክ መፍራትም አይገባም። የተባበሩት መንግሥታት የጨረራ ሳይንሳዊ ኮሚቴ እንደ ገመተው፥ ሰው ከተፈጥሮ በዓመት በአማካይ ከሚያገኘው 2.4 ሚሊሲቨርት ውስጥ የምግብና የመጠጥ ድርሻ 0.3 ያህል ነው። የአገሩም አፈር የቀላው በብረት ኦክሳይድ እንጂ በጨረራ አይደለም።

የሆነ ሆኖ ይህ የዓለም አማካይ ነው። አማካይ ደግሞ የአንዱን ቤት ማዕድ አያውቅም። የጉድጓድ ውሃ እንደሚያልፍበት ዐለት ዓይነት ራዲየምና ዩራኒየም ሊይዝ ይችላል፤ ልዩነቱም የሚታወቀው በመለካት ብቻ ነው። ልጇን የምታጠጣ እናት «ውሃው ደኅና ነውን?» ብላ ብትጠይቀን፥ ስለ ሙዝ ተርከን ብናሰናብታት መልስ አልሰጠናትም። መልስ የሚሆናት ውሃዋንና ማሽላዋን ለክተን፥ የተገኘውን በየስሙ ስንነግራት ነው። ፍርሃትን ማራቅ መልካም ነው፤ ጥያቄን ማራቅ ግን የተማሪ ሥራ አይደለም።